ኦኬ ዝንጀሮዎች ዘንድ ሲቀጠር

ተረት ልነግራችሁ ነው። «ንገረን» በሉ፤ ባትሉም እነግራችኋለሁ።

ድሮ፣ ቃላት እንደ ሰው ተቀጥረው በሚሠሩበት ዘመን፣ ከማሽላ እርሻ በላይ ባለ ገደል አርባ አንድ ዝንጀሮዎች ይኖሩ ነበር። ሦስት ቃላት ቀጥረዋል። «ግቡ» መንጋውን ወደ ማሽላው ያስገባል። «ቆዩ» ያስቆማል። «ሽሹ» ደግሞ ገበሬው ሲመጣ ይጮኻል። ገበሬው የሚመጣው ከስንት ቀን አንዴ ስለሆነ ሽሹ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ይውላል። በዚህም ማንም አይወደውም። የምትወደው ዘርፌ ብቻ ናት፤ አንድ እግሯ ያነክሳል፣ ልጇንም አዝላ የምታመልጠው ሽሹ ቀደም ብሎ ሲጮኽ ነው።

አንድ ቀን ከጭነት መኪና ላይ አንድ ቃል ወደቀ። ስሙ ኦኬ ይባላል። አቧራውን አራግፎ የሥራ ልምዱን ተናገረ፤ በከተማ ሲስማሙም፣ ሲጨርሱም፣ ሲሰለቻቸውም የሚጠሩት እሱን እንደነበር። የመንጋው አለቃ አባ ጎፈር ይህን ሲሰማ ሦስቱንም ነባር ቃላት አሰናበተ።

«አባ፣ ሽሹን እንኳ ተዉልኝ» አለችው ዘርፌ።

«ያንን እንቅልፋም? አንቺ ደግሞ የሠለጠነ ነገር አይዋጥልሽም።»

በመጀመሪያው ቀን ኦኬ መንጋውን ማሽላው ውስጥ አስገባ፤ ጎበዝ ተባለ። በሁለተኛው ቀን አስገባ፣ አስቆመ፣ በመሃልም ሁለት ጎረምሶች አስታረቀ፤ እጅግ ጎበዝ ተባለ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ፈለገው። አንዱ ለሰላምታ ወሰደው። አንዷ ቅማል ሲለቀምላት «ይበቃል» ለማለት ወሰደችው። አባ ጎፈር ደግሞ ሚስቱ ስትነዘንዘው የሰማ ለመምሰል ወሰደው።

ይኼኔ ገበሬው አቶ ቸኮል ወንጭፉን ይዞ ከነውሻው ብቅ አለ። ዘብ የቆመው ዝንጀሮ አሻግሬ ከቋጥኙ ላይ አያቸው። አፉን ከፈተ። ምንም የለም። ኦኬ አባ ጎፈር ዘንድ ነበር፣ ለሦስተኛ ጊዜ። አሻግሬ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ውሻው ዘርፌ ላይ ደረሰ። ልጇን ዛፍ ላይ ወርውራ አዳነችው፤ እሷ ግን የጅራቷን ግማሽ ትታ ነው ያመለጠችው።

ገደሉ ላይ ሲሰበሰቡ አባ ጎፈር ኦኬ ወደ ታች ይወርወር ሲል አዘዘ።

«ከጠዋት ጀምሮ አሥራ ሰባት ሥራ ሠርቻለሁ» አለ ኦኬ። «ሦስቱ የእርስዎ ናቸው።»

ከአለቃው ሚስት በቀር የሳቀ አልነበረም።

ዘርፌ ተነሳች። «ኦኬን አትንኩት፤ ለሰላምታ ይሁናችሁ። እኔ ሽሹን ፈልጌ አመጣለሁ። የሚመለሰው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቢተኛ እንኳ፣ ለሌላ ሥራ የሚቀሰቅሰውን ሁሉ ጅራቱን እቆርጠዋለሁ። ከማን ጅራት እንደምጀምርም አውቃለሁ።»

አባ ጎፈር ጅራቱን ወደ ጎኑ ሰበሰበ። መስማማቱን የገለጸው ራሱን በመነቅነቅ ነው፤ ኦኬ እረፍት ላይ ነበር።

ለሁሉም ሥራ የሚጠራ፣ የጭንቅ ቀን ሌላ ሥራ ላይ ነው።