ወፍጮ ድንጋይ ያነሣው ሽማግሌ

ምእመናን፣ አንድ ሰው ነበረ። ዕድሜው ስድሳን ተሻግሯል፣ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ልቡ ግን ሽበት አያውቅም። የብዙዎቻችን ነገር እንዲህ አይደል? ፀጉር ዕድሜውን ይናገራል፣ ልብ ይክዳል።

ይህ ሰው የሚኖረው መኪና በማይገባበት ገጠር ነው። እዚያ ሰው ሲታመም፣ ሴት ምጥ ሲጠናባት፣ ወደ ሐኪም የሚወስዳት ቃሬዛ ነው። ሁለት ረጃጅም እንጨት፣ መሀሉ በጠፍር የተጠላለፈ። አራት ወንድ ይሸከማል፣ የቀረው እየተከተለ ይቀባበላል። የቃሬዛ ማኅበር አላቸው። ጡሩምባ ሲነፋ የሚያርሰው ሞፈሩን ጥሎ፣ የሚበላው ጉርሻውን ትቶ ይወጣል።

የእኛ ሰው ከጎረምሳነቱ ጀምሮ የፊት ተሸካሚ ነበር። ፊት መሸከም ቀላል እንዳይመስላችሁ! ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ሁሉ የሚወድቀው በፊተኛው ላይ ነው። አያ ደረበ ይሉታል የአገሩ ሰዎች። «አያ ደረበ ፊት ካለ በሽተኛው ግማሽ ድኗል» ይባል ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ማኅበሩ ተሰብስቦ ሳለ ዳኛው ይግዛው ብድግ አለ።

«አያ ደረበ፣ እርስዎ ብዙ ተሸክመዋል። ከእንግዲህ ትከሻዎን ያሳርፉ። ፊት ፊት እየሄዱ መንገድ ይምሩን።»

በአክብሮት ነው የተናገረው። ሰውየው ግን የሰማው ሌላ ነው። «አርጅተሃል፣ ዞር በል» የተባለ መሰለው። ተቆጣ።

«እኔን ነው እንዲህ የምትለኝ? አባትህን ወደ ሐኪም ያወረድኩት በዚህ ትከሻ አይደለም?»

«እንዴታ! በዚያ ትከሻ ነው። እንዲያርፍ የምንለውም ለዚሁ ነው።»

እውነቱን ልንገራችሁ? ይግዛው አልዋሸም። ልጆቹ እርሻውን ከተረከቡት ወዲህ ሰውየው ውሎው ዛፍ ሥር ነበር። ሽምግልና ይቀመጣል፣ ያስታርቃል፣ ይመርቃል። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ምርቃት ጭን አያጠነክርም! ጉልበቱ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ሳለ፣ ምንም ሳይሰማው፣ በጥቂት በጥቂቱ ጥሎት ሄዷል።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ አንጓች ፊቱን አየች።

«ምነው ጠቆርክ?»

«ቆይ! ጓሮ ያለውን አሮጌ ወፍጮ አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አወጣዋለሁ። ያኔ ማን እንዳረጀ ይታያል።»

«አንተ ሰውዬ፣» አለች አንጓች፣ «ይግዛው ለተናገረው ድንጋዩ ምን አጠፋ?»

ብትስቅም ፈርታለች። እርሱ ግን ምክር የሚገባበት ጆሮ አልነበረውም።

ወቅቱ የሁዳዴ ጾም ነው። በማግሥቱ ማለዳ፣ እህል ውሃ ባልቀመሰ አፉ፣ ጓሮ ወጣ። ያን የሚያክል የወፍጮ ድንጋይ! ጉልበቱን ሳያጥፍ ከወገቡ ጎንበስ አለ። ትንፋሹን ዋጠ። ጥርሱን ነከሰ። ሳብ አደረገው። ድንጋዩ ከመሬት ተነሣ፣ ተነሣ፣ እስከ ጉልበቱ ደረሰ። ከዚያ ወገቡ ቀጭ አለ።

እዚያው ተዘረጋ። አንጓች ጮኸች። ጡሩምባ ተነፋ። ለማን ይመስላችኋል? ለእርሱ!

እስቲ አስቡት። ዕድሜውን ሙሉ ሰው የተሸከመ ሰው በቃሬዛው ላይ ተጋደመ። ቀና ሲል የሚያየው የይግዛውን ጀርባ ነው። በእርሱ ቦታ ገብቶ፣ ላቡ እየወረደ፣ ቁልቁለቱን እየተጠነቀቀ የሚወስደው ያ እርሱ የተቆጣው ሰው ነው። ሽማግሌው ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ አለቀሰ። ሕመሙ አይደለም ያስለቀሰው። ሐፍረት ነው።

ከተማ ደረሱ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አጥንት አልተሰበረም፣ ጅማት ነው የተጎዳው። ሕመሙ ጋብ ሲል ዘመናይ ወደምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሐኪሞቹ ላኩት፤ ሥራዋ የተጎዳን ሰውነት በእንቅስቃሴ መመለስ ነው።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ከእንግዲህ ሸክም ለእኔ አበቃ?»

«ማን አለ አባባ? የሚያበቃውስ ቁጭ ካሉ ነው። ጡንቻ በስድሳም በሰባም ዓመት ይጠነክራል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ወይፈን ሲገሩ፣ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ቀን ያሳርሱታል?»

ሰውየው ወገቡ እያመመው ሳቀ። «ኧረ ምን በወጣው! ይሰበርብኛል። መጀመሪያ ቀንበሩን ብቻ ታለማምጂዋለሽ። ከዚያ ጥቂት ትልም። ከዚያ ታሳርፊዋለሽ። ሲለምድ ትጨምሪለታለሽ።»

«ታዲያ የእርስዎ ወገብ ከወይፈን አንሶ ነው?»

ምእመናን፣ መልሱን ራሱ ሰጥቶ ጨረሰ። ስንቱን ወይፈን በትዕግሥት የገራ ሰው፣ ለገዛ ሰውነቱ ግን አንዲት ቀን እንኳ አልታገሠም!

የደም ግፊቱን አስመረመረችው። ከዚያም አስተማረችው። ከበርጩማ በእጅ ሳይደገፉ መነሣት፣ ቀስ ብሎ መቀመጥ። ግድግዳ መግፋት። ግማሽ ጀሪካን ውሃ ይዞ ደጃፍ ለደጃፍ መሄድ። ዕቃ ሲያነሡ ጉልበት ማጠፍ፣ ሸክሙን ወደ ሰውነት ማስጠጋት፣ ትንፋሽን አለመዋጥ። አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን ማረፍ። ድካም ቢመጣ ደግ ነው፤ የሚወጋ ሕመም ከመጣ ግን ወዲያው ማቆም።

«ጾሙስ?» አላት።

«ይጹሙ እንጂ። ግን በባዶ ሆድ አይሥሩ። የዕለቱን ጾም ከፈቱ በኋላ፣ ምግቡ ረጋ ሲልልዎ ይሥሩ። ባቄላውንና ምስሩን ደግሞ አይርሱ፤ ጡንቻም ይራባል።»

አገሩ ተመለሰ፣ ጀመረም። በርጩማው ላይ ቁጭ ብድግ ሲል ያየ ጎረቤት ይስቃል። ጀሪካኑማ ጉድ አፈላ! በዚያ አገር ውሃ መቅዳት የሴት ሥራ ነዋ። «አያ ደረበ ባልቴት ሆኑ» ተባለ። ከወፍጮ ይልቅ የከበደው ይህ ሐሜት ነበር። ብዙ ጊዜ ጀሪካኑን ሊወረውረው ቃጣው። ግን ያንን የቃሬዛ ላይ ሐፍረት ያስታውሳል። «ይሳቁ፤ ሳቅ ወገብ አይሰብርም» ይላታል አንጓችን። አንጓች ግን ደስታዋን አልደበቀችም፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሏ ውሃ ቀዳላት!

ግማሹ ጀሪካን ሙሉ ሆነ። ቆይቶም ሁለት ጀሪካን ሆነ። ሜዳው ዳገት ሆነ። አልቸኮለም። ወቅቱም ገሰገሰ፣ ክረምት ገባ።

አንድ ዝናባማ ቀን ጡሩምባ ተነፋ። የይግዛው ምራት ምጥ ጠንቶባታል። ግማሹ ወንድ ገበያ ወርዷል፣ ተሸካሚ የለም። ይግዛው ዙሪያውን አየና ዓይኑ ሽማግሌው ላይ አረፈ።

«አያ ደረበ፣ ይችላሉ?»

የድሮው ደረበ ቢሆን «እንዴት ትጠይቀኛለህ!» ብሎ ይቆጣ ነበር። ይኼኛው ግን መልሱን አመዛዝኖ ተናገረ።

«እስከ ወንዙ እችላለሁ። ከወንዙ ወዲያ ሰው ተካ።»

ፊት ገባ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ልጅቱ ታቃስታለች። ቁልቁለቱ መሀል ሲደርሱ ከጎኑ የተሸከመው ጎረምሳ እግሩ ከዳው፣ በጉልበቱ ወደቀ። ቃሬዛው ዘመመ፣ ክብደቱ ሁሉ ወደ ሽማግሌው መጣ። ሁሉም «እግዚኦ!» አለ። እርሱ ግን ጉልበቱን አጥፎ፣ እግሩን ሰፋ አድርጎ ተከለ። ወገቡን አልጠመዘዘም፣ ትንፋሹን አልዋጠም። ያቺ ሲሳቅባት የከረመች ቁጭ ብድግ በጭኖቹ ውስጥ ነበረች። ጎረምሳው እስኪነሣ ድረስ ያ ሽማግሌ ቆመ!

ወንዙ ዳር ሲደርሱ «ተቀበሉኝ» አለ። ጉልበት ገና ነበረው። ግን ቃሉ ቃል ነው፣ ልኩን ያውቃል። ሌላው ገባ፣ እርሱ ከጎን እየሄደ ልጅቱን «አይዞሽ፣ ደርሰናል» አላት። ሕፃኑ በሰላም ተወለደ። ይግዛውም በማኅበሩ ፊት ቆሞ፣ «የፊቱ ቦታ ከአያ ደረበ የሚወሰደው እርሳቸው ሲለቁ ብቻ ነው» አለ።

እንግዲህ ምእመናን፣ ይህ ሰው ማን ነው? እናንተ አይደላችሁም? እኔ አይደለሁም? ዓመቱን ሙሉ ጉልበታችንን ሳናጥፍ ከርመን፣ ስቅለት ዕለት ስግደቱን በአንድ ቀን ልንጨርሰው የምንነሣ እኛ አይደለንም? ቅዳሜ ደግሞ እያቃሰትን «ሰይጣን ወገቤን ያዘኝ» እንላለን። ሰይጣን ምን አደረገ? እርሱ የራሱ ብዙ ኃጢአት አለው፣ የኛን አንጨምርበት!

«አርጅቻለሁ» ብላችሁ የተቀመጣችሁ፣ ተነሡ እላችኋለሁ። «አላረጀሁም» ብላችሁ ወፍጮ ልታነሡ የጎነበሳችሁ፣ ቀና በሉ እላችኋለሁ። ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። ሰውነት የእግዚአብሔር አደራ ነው። አደራን ቆልፎ ማስቀመጥም ማበላሸት ነው፣ በአንድ ቀን መጨረስም ማበላሸት ነው። አደራ የሚጠበቀው በየቀኑ፣ በጥቂቱ፣ በትሕትና ነው። ሐኪም ጠይቁ። በምትችሉት ጀምሩ። ሳቂውን ተዉት።

ለምን? ለመታየት? አይደለም! አንድ ቀን የምትወዱት ሰው ይጠራችኋል። እናታችሁን ከአልጋ ማንሣት፣ የልጅ ልጃችሁን ማቀፍ፣ የወደቀ ጎረቤት መደገፍ ይመጣል። የተጠሩ ዕለት ልምምድ አይጀመርም።

አሁን ለጸሎት እንነሣ። ሽማግሌዎች፣ ባልቴቶች፣ እግራችሁን ሰብስቡ፣ አግዳሚውን በእጃችሁ ሳትደገፉ ሞክሩ። እንዲያ! እናንተ ያልቻላችሁ አትፈሩ፣ ተደግፋችሁ ተነሡ፤ እግዚአብሔር ነገንም የሰጠን እንድንሞክር ነው።