የእመት ሽኮኮ ደባል

ነገሩ የሆነው ድሮ ነው፤ ድንጋይ ሲረግጡት «ቀስ በል እንጂ» በሚልበት ዘመን፣ ስሙን ዝናብ አጥቦ በወሰደው አገር። አይቶ የነገረን የለም፤ ሰምቶ የነገረን ግን ሞልቷል።

በዚያ አገር፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ እመት ሽኮኮ የምትባል ባልቴት ነበረች። ባሏን ንስር ከወሰደባት ወዲህ ከአንድ ልጇ ከድንቡሼ ጋር በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ትኖራለች። ቤቷ ሞቃት ነው፤ የፊት በርና የጓሮ በር አለው፤ ደጁም ፀሐይ የሚሞቁበት ሰፊ ድንጋይ ነው። የጎደላት ዘብ ነበር። ሽኮኮዎች ሲግጡ አንዱ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል፤ ጠላት ካየ ያፏጫል፣ ሁሉም እየሮጠ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። እሷ ግን የሚቆምላት አልነበራትም። አንዴ ጎንበስ ብላ ስትግጥ፣ አንዴ ቀና ብላ ሰማዩን ስታይ፣ ሳትጠግብ ይመሻል። የምትሰጋው ለራሷ አልነበረም። ድንቡሼ እንደ ስሙ ድንቡሽቡሽ ያለ፣ ለሚያየው ሁሉ የሚያስጎመጅ ልጅ ነበር።

ከገደሉ በታች ባለው ሜዳ ደግሞ አያ ጥንቸል ይኖራል። ይኖራል ማለትም ይከብዳል፤ ቤት የለውም። ተኝቶበት የጎደጎደውን ሣር «ቤቴ» ይላል፤ በበጋ ማንም አይከራከረውም። ክረምት ገብቶ በረዶ ጀርባውን ሲወግረው ግን ጆሮዎቹን አጥፎ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ይህን ሁሉ አያ ቀበሮ ከጉብታው ላይ ሆኖ ያያል። ቀበሮ በዚያ አገር ሽማግሌ ነው፤ ማን እንደሾመው አይታወቅም። የተጣላውን ያስታርቃል፣ ያልተጣላውን መጀመሪያ ያጣላል። ለሽኮኮ፣ ጆሮው ረጅም የሆነ ደባል ብታስገባ ዘብ አገኘች ማለት እንደሆነ ነገራት። ለጥንቸል፣ ቤቷ የሰፋባት ደግ ባልቴት እንዳለች ነገረው። ለሁለቱም ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብሎ ተረተላቸው።

«እኔ ምን ቸግሮኝ፣ ለእናንተው ብዬ ነው» አለ።

ሽኮኮ ብዙም አላሰበችበት። እንዲህ ያለ ጆሮ ቤቷ ድረስ ሲመጣላት ምን ብላ ትመልሰው? ቀበሮ መካከል ቆሞ ቃል አስገባቸው፤ ጥንቸል ገባ።

መጀመሪያ የመጣው የሰላምታ ጣጣ ነው። ጥንቸል ደስ ሲለው ወደ ላይ ዘሎ ይራገጣል። ሜዳ ላይ ይህ ማንንም አይጎዳም፤ ስንጥቅ ውስጥ ግን እግሩ የሽኮኮን ጎን ያገኘዋል። ሽኮኮ በበኩሏ የወደደችውን ላዩ ላይ ተኝታ ታሞቃለች፤ የወገኖቿ ልማድ ነው። ጥንቸል ትንፋሽ አጥሮት ግድግዳውን ይቧጥጣል። ደግሞ እሷ ቀን ትግጣለች፣ ሌሊት ትተኛለች፤ እሱ ሌሊት ይግጣል፣ ቀን ይተኛል። ዘብ ይሆናል የተባለው ደባል ቀኑን ሙሉ ያንኮራፋል።

የባሰው ግን ሌላ ነበር። ጥንቸል ክፉ ነገር ሲሸተው በኋላ እግሩ መሬቱን ድም ድም ያደርጋል። ሽኮኮ ይህን ስትሰማ ደባሌ ተቆጣኝ ብላ አኩርፋ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እሷ ስታፏጭ ደግሞ እሱ ዘፈን ይመስለዋል። ድምጿ አያምርም ብሎም ለቀበሮ አማት።

ቀበሮ ሊያስታርቅ መጣ። የሁለቱንም ብሶት አዳመጠ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ጥፋቱ የነሱ ሳይሆን የቤቱ ነው አለ። ሁለት በር ያለው ቤት ውስጥ ብርድ ይመላለሳል፤ ብርድ ያለበት ቤት ደግሞ ጠብ አይጠፋውም። የጓሮው በር ይደፈን።

«እኔ ምን ቸግሮኝ፣ ለእናንተው ብዬ ነው» አለና ድንጋዩን በማንከባለል ራሱ አገዛቸው። ሽኮኮ ሽማግሌ ሲደክምላት አይታ መረቀችው።

አንድ ቀን ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣች። ሽኮኮና ድንቡሼ ደጁ ላይ ተዘርግተው ይሞቃሉ፤ ጥንቸል ውስጥ ተኝቷል። ሽኮኮ ነፋስ ሳይኖር ቁጥቋጦው ሲነቃነቅ አየች። አፏጨች፣ ልጇን ገፍታ በበሩ አስገባች፣ ተከትላው ገባች። ማለት ልትገባ ነበር። ጥንቸል ድንቡሼ ላዩ ላይ ሲወድቅበት ከእንቅልፉ ደንግጦ ተነስቶ እየሮጠ ሲወጣ በሩ ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ተላተሙ።

ጥንቸል ከሞት የሚያመልጠው ወደ ሜዳ ሮጦ ነው፤ እናቱ ያስተማረችው ይህንን ነው። ሽኮኮ የምታመልጠው ጉድጓድ ገብታ ነው፤ የሷም እናት ያስተማረቻት ይህንኑ ነው። «ልውጣ» አለ። «ልግባ» አለች። በሩ ጠባብ ነበርና ሁለቱም ተሰነቀሩ።

በዚያ ዘመን ሽኮኮ እንደማንኛውም አውሬ ሸጋ ጅራት ነበራት። ከኋላዋ ጥርስ ሲያርፍባት ሕመሙ ጉልበት ሆናትና ጥንቸልን ይዛው ወደ ውስጥ ተንከባለለች። ጅራቷ ውጭ ቀረ። ማን እንደነከሳት አላየችም፤ ፊቷ ወደ ውስጥ ነበር። ጥንቸልም ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ሽኮኮ አፈረች። በቁስሏ ላይ ተቀመጠች፤ ለልጇም ለደባሏም ትንፍሽ አላለችም። በበሩ ነገር ግን ከጥንቸል ጋር የማይባል ተባባሉ። ውጣልኝ አለችው፤ በበረዶ ልትገድይኝ ነው አላት።

በማግስቱ ቀበሮ ሊያስታርቅ መጣ። ሽኮኮ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ በር ላይ ተጋጭተው መጣላታቸውን ብቻ ነገረችው። ቀበሮ ደጁ ላይ ቆሞ በሐዘኔታ ፈገግ አለ።

«ታዲያ ለአንዲት ጅራት ብላችሁ ትለያያላችሁ? እኔ ምን ቸግሮኝ፣ ለእናንተው ብዬ ነው።»

ሽኮኮ ሰውነቷ በረዶ ሆነ። ስለ ጅራቷ ለማንም አልተናገረችም። ወዲያው የተደፈነውን በር አሰበች፤ ድንጋዩን ማን እንዳንከባለለውም አሰበች። በምርቃቷም ተቃጠለች። ፊቷ ላይ ግን ምንም አላሳየችም።

«እውነትዎን ነው፣ አያ ቀበሮ» አለች። «እንግዲያው ነገ ይምጡና ቤታችንን ይመርቁልን። ሽማግሌ ደጅ ቆሞ የመረቀው ጓዳ አይደርስም። ይግቡልን።»

ቀበሮ ምራቁን ውጦ እሺ አለ።

እሱ እንደሄደ ሽኮኮ ተነስታ ጀርባዋን ዞረች። ጥንቸል አየ፤ ጆሮዎቹ ወደቁ።

«ይሸተኝ ነበር እኮ» አለ። «ሌት ተቀን ደጃችን ላይ ክፉ ነገር ሲያደባ ይሸተኝ ነበር። በእግሬ ስንቴ ነገርኩሽ።»

«እኔ የተቆጣኸኝ መስሎኝ ነው። እኔስ ሳፏጭ?»

«የምትዘፍኚ መስሎኝ።»

ሽኮኮ ማልቀስ አማራት፤ ጊዜ አልነበራትም እንጂ። የጓሮውን በር ድንጋይ አብረው አነሱ። ከዚያ ሽኮኮ እንዲህ አለችው፦ «ነገ አንድ ቀን ብቻ እናቶቻችንን አንስማ። አንተ ውስጥ ቆይ፣ እኔ እወጣለሁ።»

ቀበሮ በጠዋት ከተፍ አለ። ሽኮኮ ድምፁን ስትሰማ ልጇን ይዛ በጓሮ ወጣች። ድንቡሼ ከፍ ካለው ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ አባቱ በቆመበት ቦታ ዘብ ቆመ። እሷ በዙሪያ መጥታ ከበሩ አጠገብ ተሸሸገች። ቀበሮ ራሱን በስንጥቁ አስገባ። ጨለማ ነው፤ ሁሉም ውስጥ ያሉ መሰለው።

«ከዚህ በር ክፉ አይግባ» አለ፣ አንገቱን እያስገባ።

«አሜን» አለ ጥንቸል ከውስጥ።

«ያላችሁትን አያሳጣችሁ» አለ፣ ትከሻውን እያስገባ።

ድንቡሼ አፏጨ። ጥንቸል ዘፈን እንዳልሆነ አሁን ያውቃል። ዞሮ ዘለለና በሁለት የኋላ እግሮቹ የቀበሮን አፍንጫ አገኘው። ቀበሮ ወደ ኋላ ልመለስ ቢል ሽኮኮ ጅራቱን በጥርሷ ይዛ ጠበቀችው። ወደ ፊት ቢል ርግጫ፣ ወደ ኋላ ቢል ንክሻ።

«ኧረ እባካችሁ» አለ ቀበሮ።

«እኛ ምን ቸግሮን፣ አያ ቀበሮ» አለ ጥንቸል፣ እየደገመው። «ለእርስዎው ብለን ነው።»

ሽኮኮ የለቀቀችው ጥርሷ ሲደክም ነው። ቀበሮ እያለቀሰ ሜዳውን አቋርጦ ጠፋ፤ ጅራቱ ጫፉ ላይ የጠቆረው ከዚያን ቀን ወዲህ ነው። ሽምግልናውም በዚያው ቀረ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ በፍቅር አብረው ኖሩ ብሎ የሚጠብቅ ይኖራል። በማግስቱ ጠዋት ጥንቸል በጣም ደስ ስላለው ዘለለ፤ እግሩ የሽኮኮን ጎን አገኘው። ተያዩ። ማንም ሽማግሌ ሳይጠራ ሽኮኮ ጎኗን እያሻሸች ይዛው ወረደችና ከገደሉ ሥር ወደ ውጭ ያዘነበለ ድንጋይ አሳየችው። ዝናብ አይገባውም፤ በር የለውም፤ ፊቱ ሜዳ ነው። ጥንቸል አንዴ ዞሮ አሸተተው፣ ተኛበት፣ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሌሊት ጥንቸል ነቅቶ ይጠብቃል፣ ቀን ሽኮኮ ትጠብቃለች። እሱ መሬቱን ሲደበድብ እሷ ልጇን አቅፋ ወደ ጓዳ ትዘልቃለች፤ እሷ ስታፏጭ እሱ ሜዳውን ይዞ ይበራል። በር ላይ የሚላተም የለም። ድንቡሼም ጠግቦ አደገ፣ ወልዶም ሳመ። አብሮ መኖር የሚፈልግ ሲመጣ የዚያ አገር ሰዎች አስቀድመው ሲደነግጥ ወዴት እንደሚሮጥ ይጠይቁታል ይባላል፤ ሲተርቱም እንዲህ ይላሉ፦

«ሽሽቱ ለየቅል፣ ጉርብትናው ይበቃል።»