ገደል ማሚቶ ያስቀመጠችው ሳቅ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝና ልጀምር።

አንድ ማሳቅ የሚወድ ጎረምሳ ጉሬዛ ነበር። አንድ ቀን በመንደሩ ሽማግሌ ጉሬዛ በአባ ጢሞ ሊቀልድ ገደል ማሚቶ ፊት ቆሞ፣ «የአባ ጢሞ ጢም የፍየል ጭራ ይመስላል!» ብሎ ጮኸ። እኩዮቹ በሳቅ ተንከተከቱ፤ እሱም ወዲያው ረሳው።

ዘመን አልፎ የአባ ጢሞን ልጅ ወደደና ኤሊን ሽማግሌ ላከ። በዚያ አገር ልጅ ከመዳር በፊት ስለ ሙሽራው ገደል ማሚቶን መጠየቅ ወግ ነው፤ እሷ የሰማችውን አትረሳማ።

«እመት ገደል፣ ስለዚህ ልጅ ምን ሰምተሻል?» አሉ አባ ጢሞ፣ ልጃቸውን፣ ጎረምሳውንና ኤሊን ይዘው ገደሉ ፊት ቆመው።

ጎረምሳው የጮኸውን ያስታወሰው ያኔ ነው። ምን ያደርጋል!

«የአባ ጢሞ ጢም የፍየል ጭራ ይመስላል!» አለች ገደል፣ በራሱ ድምፅ።

ኤሊ ሽምግልናውን ትቶ አንገቱን ሰበሰበ።

«በሉ ተነሱ፣ የምድርለት ልጅ የለኝም!» ብለው አባ ጢሞ ሊሄዱ ሲሉ፣ ገደል ያን ቀን የተሳቀውንም ሳቅ መለሰች። ከሁሉም በላይ አንዲት ቀጭን ሳቅ ጎልታ ተሰማች።

አባ ጢሞ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺ! ይሄ ያንቺ ሳቅ አይደል?»

«አባባ፣ ያን ቀን እኮ ጢምዎን አላበጠሩም ነበር።»

አባ ጢሞ ሳይወዱ በግድ ሳቁ፤ ልጃቸውንም ዳሩለት። ሠርጉን ግን ከገደሉ ራቅ አድርገው ደገሱ፤ ለካ እሳቸውም አንድ ጊዜ ጎረምሳ ነበሩ።

ተረቴ አለቀ፤ አፌን የማብስበት ዳቦ የታለ?