ሐኪሙ የጠየቀው፣ ሰውየው የደበቀው

አንድ ሰው ነበር። ስሙን አልጠራም። በደቡብ በምትገኝ አንዲት ከተማ ለብዙ ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኖ አገልግሎ ጡረታ የወጣ ነው። በአጥቢያው ደግሞ ሽማግሌ ነው። የተጣሉ ባልና ሚስት የሚያስታርቅ፣ ሲናገር የሚደመጥ ሰው።

ይህን ሰው አንድ ጊዜ ስትሮክ መታው። አፉ ተጣመመ፣ ቀኝ እጁ ዛለ። ቤተ ክርስቲያን ጾማ ጸለየችለት፤ ሐኪሞችም መድኃኒት አዘዙለት። ዳነ። ዳነና ምን አደረገ? እሁድ በጉባኤ ፊት ቆመ። ሚስቱ ታደለች አጠገቡ ቆማለች። «ጌታ ፈውሶኛል! ክኒኑንም ጥዬዋለሁ!» አለ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ።

ወገኖቼ፣ መፈወሱ እውነት ነበር። ክኒኑን መጣሉ ነው ውሸቱ። ያን ደም የሚያቀጥን ክኒን በኮቱ የውስጥ ኪስ ይይዝና ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ በሩን ቆልፎ ይውጠው ነበር። አስቡት! ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት እንደ ሌባ ተደብቆ! ማንን ፈርቶ? እናንተን ፈርቶ። እኔን ፈርቶ። እልል ያለውን ሁሉ ፈርቶ።

ዓመታት አለፉ፤ ሽንት ያስቸግረው ጀመር። ሲመረመር የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘበት። ልጆቹ ተመካክረው፣ በሮቦት የታገዘ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ወደ ህንድ ላኩት፤ ታደለችም አብራው ሄደች።

የሚያክመው ሐኪም ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። የምታስተረጉምላቸው ረድኤት የምትባል ያገራችን ልጅ ናት። ሐኪሙ እንዲህ አለ፤ «ማሽኑ በራሱ አይሠራም። እኔ እዚያው ክፍል ውስጥ ከአልጋው ፈንጠር ብዬ እቀመጣለሁ፤ እጄን ሳንቀሳቅስ የማሽኑ ክንዶች ይንቀሳቀሳሉ። እኔ ካቆምኩ እሱም ያቆማል። የምንገባው በትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። ግን ደም ከበዛና ማየት ከተሳነኝ ማሽኑን ከላይዎ አንሥቼ ሆድዎን በእጄ እከፍታለሁ። ከሁለቱ አንዱ ሊሆን እንደሚችል አውቀው ይግቡ። ገባዎት?»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ገብቶት ነበር? አልገባውም! «ሮቦት» የሚለውን ከሰማ በኋላ ሌላውን አልሰማም። ማታ ለወንድሙ ደውሎ፣ «የሰው እጅ እኮ አይነካኝም፤ ማሽን ነው፣ አይሳሳትም» አለው።

ታደለች ግን ሰምታለች። «እሳቸው ራሳቸው ይህን በስንት ሰው ላይ ሠርተዋል? ከዚያ በኋላስ ሽንቱን ይቆጣጠራል ወይ? ጠይቂልኝ እስቲ ልጄ» አለች።

ባልየው ቆጣ ብሎ አቋረጣት። «ዝም በይ አንቺ! በሰው አገር አታሳፍሪኝ።»

ሐኪሙ ምን እንደተባለ ሊጠይቅ ወደ ረድኤት ዞረ። ባልየው ግን ፈገግ ብሎ፣ «ምንም የለም በይው» አላት። ተመልከቱ! ሐኪሙ ሊመልስ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ ጥያቄውን ያፈነው በሽተኛው ራሱ ነው።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ። «ከዚህ በፊት ሕመም ነበረብዎት? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ?»

ረድኤት ተረጎመች። ሰውየው ወደ ታደለች አየ። ታደለች በዚያ ምስክርነት ቀን አጠገቡ ቆማ እያለቀሰች እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ነበር። አሁንም በሙሉ እምነት ታየዋለች።

«አንድ ጊዜ ትንሽ አሞኝ ነበር፤ ጌታ ፈወሰኝ። ምንም አልወስድም» አለ።

በቀዶ ሕክምናው ዕለት ጠዋት እንኳ፣ በባዶ ሆዱ፣ ክኒኑን ዋጠ።

ታደለች ውጭ ተቀምጣ ጠበቀች። ይወስዳል ከተባለው ሰዓት እጅግ አለፈ። ነርሶች የደም ከረጢት ይዘው በፊቷ ሮጡ። ማንም የነገራት የለም፤ ረድኤት እጇን ይዛ አብራት ተቀመጠች።

ሰውየው ሲነቃ እጁን ወደ ሆዱ ሰደደ። ትንንሽ ቀዳዳ አይደለም የዳሰሰው። ከእምብርቱ በታች ረጅም ፋሻ ነው። ሐኪሙ ሲገባ በዚያ በደከመ ድምፁ ጮኸበት፤ «ማሽናችሁ ጉድ ሠራኝ! አይሳሳትም ብላችሁ ነው ያመጣችሁኝ!»

አይሳሳትም ያለው ማን ነበር? ሐኪሙ እንዲያ ብሎ ነበር?

ሐኪሙ አልተቆጣም። ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። «ካንሰሩን አውጥተናል» አለው። «ደሙ ግን ከአንድ ከተቆረጠ የደም ሥር የመጣ አልነበረም፤ ከየቦታው እየመነጨ ነበር። ማየት ስላልቻልኩ ማሽኑን አንሥቼ በእጄ ሠራሁ። እንዲህ የሚደማው ብዙ ጊዜ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የወሰደ ሰው ነው። ያደረግነው የደም ምርመራ ሁሉንም ዓይነት መድኃኒት አያሳይም። እርስዎን አንድ ጊዜ ጠይቄዎት ነበር፤ አሁንም ልጠይቅዎት።»

ረድኤት ይህን ስትተረጉም ድምፅዋ ቀነሰ። «ጋሼ፣ ለሐኪም እውነቱን መንገር ነውር የለበትም» ብላ ከራሷ ጨመረችለት።

ሰውየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እወስዳለሁ» አለ። «ስትሮክ ከመታኝ ጀምሮ አቋርጬም አላውቅ።»

ሐኪሙም፣ «ቢነግሩኝ ኖሮ ስትሮክዎን ከሚከታተል ሐኪም ጋር ተመካክሬ ቀኑን አስተካክል ነበር። እኔ የማላውቀውን ማሽኑ ከየት ያውቀዋል?» አለው።

በሩ አጠገብ ቆማ ሁሉን የሰማችው ታደለች አልጮኸችም። ቀስ ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ከሞት ይልቅ እኔን ፈራህ?» አለችው። «እኔ እንዲህ የምፈራ ሰው ነኝ?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?

አገሩ ተመለሰ። ቁስሉ ለመዳን ቆየ፤ ሽንቱንም ለወራት መቆጣጠር አቅቶት እንደ ሕፃን ዳይፐር እያደረገ ቤት ዋለ። ታደለች ልትጠይቅ የፈለገችው ይህንኑ አልነበረም? ቀድሞ ሰምቶት ቢሆን ባልደነገጠ፣ ብቻውንም ባላለቀሰ። ሐኪሙ እንደሚሻለው ነግሮት ነበር፤ ቀስ በቀስም ተሻለው።

ሲሻለው ወደዚያው ጉባኤ ፊት ወጣ። «ዋሽቻችሁ ነበር» አለ። «ክኒኑን አልጣልኩትም። ዛሬ ጠዋትም ውጬ ነው የመጣሁት። ጌታ ፈውሶኛል፤ ክኒኑም የእሱ ነው። እኔ ግን በእሱ ስጦታ አፈርኩ።»

እልል ያለ አልነበረም። ሁሉም አንገቱን ደፋ። ከአዳራሹ ሲወጣ ግን አንዲት እናት በአጥሩ ጥግ ጠብቃው፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ «እኔም የምደብቀው አለኝ። ለልጆቼም አልነገርኩ» አለችው። ከእሷ በኋላ አንድ ዘማሪ መጣ። ከእሱም በኋላ ሌላ።

እናንተዬ፣ እስቲ እንፈር! እሱ ብቻ ይፈር? ሰው ከእኛ ሸሽቶ መታጠቢያ ቤት ገብቶ መድኃኒት የሚውጥ ከሆነ፣ እኛ ምን ዓይነት ወንድሞች ነን? ምን ዓይነት እልልታ ነው ያሰማነው?

እናንተም ነገ ሐኪም ፊት ትቀመጡ ይሆናል። ማሽኑ የቱንም ያህል የረቀቀ ይሁን፣ ከጀርባው ሰው አለ፤ ያ ሰው የሚያውቀው የነገራችሁትን ነው። የምትውጡትን ንገሩት፤ የአገር ባህል መድኃኒትም ቢሆን ንገሩት። በራሳችሁ ውሳኔም አታቋርጡ፤ የሚወስነው እሱ ነው። «አልገባኝም፣ ድገሙልኝ» በሉ። «ይህን ሥራ ምን ያህል ሠርተውታል? ካልተሳካስ ምን ያደርጋሉ? ከሌላው መንገድ በምን ይሻለኛል?» በሉ። ደህና ሐኪም በዚህ አይቀየምም። ሚስታችሁ ስትጠይቅም ዝም አታሰኟት።

እናንተ ደግሞ ጤነኞቹ፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ አጠገባችሁ ያለውን ሰው «ከእኔ የደበቅከው ሕመም አለ ወይ?» በሉት። ጠይቁና ጠብቁ። ቶሎ አይነግራችሁም፤ እስኪያምናችሁ ጠብቁት። ሲነግራችሁ ፊታችሁ አይለወጥበት። ለጎረቤት አታውሩበት። ውኃ ቅዱለትና አጠገቡ ተቀመጡ፤ ክኒኑን እያያችሁት ይዋጠው።