ከሠልስት በኋላ የተቀመጡ ሰዎች

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ ነበረ።

የኔታ ጥበቡ ይህን ያሉት ትብለጥ ጥያቄዋን ጨርሳ ትንፋሿን ሳትሰበስብ ነው። ትብለጥ የግቢያቸው ተከራይ ናት፤ በከተማው ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጣ የነገረቻቸው ነገር አጭር ነበር። ዐርብ ዕለት የመምህራን ስብሰባ ተጠራ። ከመጋዘን ዐሥር ቆርቆሮ ስለጠፋ፣ ጡረታው ሊደርስ ሁለት ዓመት የቀረው ዘበኛ ይሰናበት ተባለ። ቆርቆሮው በጠፋ ዕለት ዘበኛው ታሞ ጤና ጣቢያ ተኝቶ እንደነበር የማያውቅ መምህር የለም። ርእሰ መምህሩ «የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ» ሲል ግን የሁሉም እጅ ወጣ። የስንብቱ ደብዳቤ ሰኞ ይፈረማል። ከአዳራሹ ሲወጡ ደግሞ እነዚያው ሰዎች በየጥጉ «ግፍ ነው» ሲባባሉ ሰማች።

«ሰው እንዴት እንዲህ ውሸታም ይሆናል፣ የኔታ?» ነበር ጥያቄዋ። «አፋቸው ሌላ፣ እጃቸው ሌላ። ምን ዓይነት ልብ ነው ያላቸው?»

የኔታ ስለ ሰው ልብ ማውራት አይወዱም። ልብ ስለማይታይ ማንም እንደፈለገ ያወራበታል ይላሉ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡና ወደ ገበሬያቸው ተመለሱ።

ይህ ገበሬ ሀብታምም አልነበረም፣ ድሀም አልነበረም። ጥማድ በሬ፣ ሚስት፣ አራት ልጆችና ተዳፋት ላይ ያለች አንዲት ማሳ ነበሩት። በዚያ ዓመት ማሳው ላይ የዘራው ጤፍ አማረለት። የዓመት ቀለባቸው እሱው ነው፤ ሌላ የሚጠብቁት ነገር የለም። ጤፍ ደግሞ ከደረሰ ይሉኝታ አያውቅም። ቀን ካለፈበት ነፋስ ያረግፈዋል፤ ዝናብ ከመጣበትማ አፈሩ ራሱ መልሶ ይበላዋል።

አጨዳው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው የአንድ ጎረቤቱ አባት ሞቱ። ደግ አዛውንት ነበሩ። አገሩ ሁሉ አለቀሰ፣ ገበሬውም አለቀሰ።

«ያለቀሰው ከልቡ ነው» አሉ የኔታ ጣታቸውን ቀና አድርገው። «እዚህ ላይ ውሸት የለም። ውሸት ስትፈልጊ እንዳትደክሚ ብዬ ነው።»

የዚያ ሰፈር ደንብ እንዲህ ነው። ሰው ከሞተ እስከ ሠልስት፣ እስከ ሦስተኛው ቀን ማለት ነው፣ ማጭድ አይነሣም። ወንዱ ሁሉ ዳስ ውስጥ ከሐዘንተኛው ጋር ይውላል። በሠልስቱ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ይነሡና «እግዜር ያጥናችሁ» ይላሉ፤ ያን ጊዜ ሰው ይበተናል። ከሳቸው በፊት መነሣት ነውር ነው። በአንድ ወቅት አንድ ሰው ላሙ ምጥ ይዟት ቀድሞ ተነሥቶ ሄደ። ላሟ በደኅና ወለደች፤ ሰውየው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «ቶሎ ተነሥ» ሆኖ ቀረ። እሱ ሞቶ፣ ልጁ አድጎ ሚስት ሲያገባ እንኳ «የቶሎ ተነሥ ልጅ አገባ» ነው የተባለው።

ሠልስቱ ደረሰ። ሰዉ ንፍሮውን ቀማምሶ ትልቁን ሰው ያይ ጀመር። ትልቁም ሰው ሰዉን አዩ። «ሕዝቡ ሟችን ይወዳቸዋል፤ ሐዘኑ አልወጣለትም፤ እኔ እንዴት ተነሥቼ ልበትነው?» አሉ በሆዳቸው፤ ተቀመጡ። ሰዉም «አባታችን ያልተነሡት ሐዘኑ ቢጸናባቸው ነው» ብሎ ተቀመጠ። እንዲህ እየተያዩ መሸ። ሁሉም ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ገባ፣ በአራተኛው ቀን ጧት ዝም ብሎ ተመልሶ መጣ።

«አራተኛ ቀን የሚባል ደንብ አልነበረም» አሉ የኔታ። «ማንም አላወጀውም፣ ማንም አልወደደውም። ሰዎቹ ናቸው ተቀምጠው የሠሩት።»

ደመናው በአራተኛው ቀን ከወደ ምሥራቅ ብቅ አለ። በአምስተኛው ቀን ጧት ገበሬው ኩታውን አጣፍቶ ሊወጣ ሲል ሚስቱ በር ላይ አቆመችው።

«ያን ደመና አላየኸውም?»

«አየሁት።»

«ጤፉስ?»

«ሰው ሁሉ ተቀምጦ እኔ ብቻዬን ማጭድ ይዤ ልታይ? ልጆቼን የቶሎ ተነሥ ልጆች ላስብላቸው?»

«ስማቸውን ይበሉታላ» አለችና ፊቷን አዙራ ገባች።

ይህ ቃል እስከ ዳሱ ድረስ ተከተለው። ከድንበርተኛው አጠገብ ተቀመጠ፤ ማሳቸው ጎን ለጎን ነው፣ ጤፋቸውም እኩል ደርሷል። ቀና ብሎ አየው። ድንበርተኛው አገጩን በመዳፉ ደግፎ መሬት መሬት ያያል። ገበሬው በራሱ አፈረ። «የዚህም ሰው ጤፍ እንደኔው ቆሟል» አለ በሆዱ። «እሱ ግን ሐዘኑ ማሳውን አስረስቶታል። እኔ ነኝ የሰው አባት የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ሆዴን የማስብ።» ይህን አሰበና እሱም አገጩን በመዳፉ ደግፎ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያን ዕለት አገጩን ደግፎ ነው የዋለው። ከውጭ የሚያየው መንገደኛ ቢኖር፣ እንዲህ የሚዋደድ ሕዝብ አላየሁም ብሎ በሄደበት ያወራ ነበር።

ጥላ መዞር ሲጀምር ከተራራው ጀርባ ነጎደ። ማንም ራሱን ቀና አላደረገም። ገበሬው ግን አራት ልጆቹ አንድ በአንድ ታዩት፤ የክረምቱ ረኀብ ታየው። ተነሣ። ወደ ሐዘንተኛው ሄዶ ቆመና ሁሉም እየሰማው እንዲህ አለ፦

«ወንድሜ፣ አባትህን እወዳቸው ነበር፤ እግዜር ያውቃል። ግን ጤፌ ሊረግፍብኝ ነው። እስከ ሠልስት የተቀመጥኩት ላባትህ ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ የተቀመጥኩት እነዚህን ሰዎች ፈርቼ ነው። ይቅር በለኝ፣ መሄዴ ነው።»

ገበሬው ስድቡን ቆሞ ጠበቀ። ሐዘንተኛው ቀና አለ።

«እግዜር ይስጥህ» አለው። «የኔም ጤፍ ቆሟል። ላባቴ ብላችሁ የተቀመጣችሁትን እኔ በምን አፌ ሂዱ ልበላችሁ?»

ትልቁ ሰው ይህን ሲሰሙ ምርኩዛቸውን ይዘው ብድግ አሉ። «እግዜር ያጥናችሁ» አሉ፤ በሁለት ቀን ዘግይተው። ከዚያ በኋላ የሆነው መሽቀዳደም ብቻ ነው። ማጭድ ያለው ማጭዱን አመጣ፣ በደቦ ወጡ፣ ለዝናብ የተጋለጠውን እያስቀደሙ አጨዱ። የሐዘንተኛው ጤፍ ተረፈ። የድንበርተኛውም አብዛኛው ተረፈ። የገበሬው ማሳ ግማሹ ታጭዶ ግማሹ ሲቀር ሰማዩ ተቀደደ። ያልታጨደው ጭቃ ውስጥ ተኛ። በመጋቢት ከበሬዎቹ አንዱን ለእህል ሸጠ፤ ለከርሞ ከሰው በሬ ጋር ተቀናጅቶ አረሰ። ድፍረቱ በሠልስቱ ማግሥት መጥቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስበትም ነበር።

አውድማ ላይ ሲውሉ ወሬው ተጀመረ። አንዱ «እኔ እኮ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ልነሣ ልነሣ ስል ነበር» አለ። ሌላው «እኔም» አለ። ትልቁ ሰው ሳይቀሩ «እኔም» አሉ። ገበሬው ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። መንሹን ወረወረ።

«እናንተ ሰዎች ውሸታሞች ናችሁ» አላቸው። «ያዘናችሁ መስላችሁ ተቀምጣችሁ የልጆቼን ጉሮሮ ዘጋችሁ። እኔ እንኳ ፈርቼ ነው፤ እናንተ ግን እያወቃችሁ ነው ያታለላችሁኝ።»

ድንበርተኛው መንሹን አንሥቶ መልሶ ሰጠው።

«በአምስተኛው ቀን ልነሣ ስል ዞር ብዬ አየሁህ» አለው። «አገጭህን ደግፈህ መሬት መሬት ታያለህ። ይህ ሰው እንዲህ አዝኖ እኔ ልነሣ? ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። በሆዴም እንዳንተ ያለ አዛኝ አላየሁም አልኩ።»

ገበሬው መንሹን ይዞ ጭዱን ማገላበጥ ቀጠለ።

ትብለጥ ታሪኩ ያለቀ መስሏት ልትናገር ስትል የኔታ እጃቸውን አነሡ።

«አሁን ወዳንቺ ልመለስ» አሉ። «ሰው የራሱን ነገር ከውስጥ ያውቀዋል፤ የሌላውን ፊቱን ብቻ ያያል። ስለዚህ እሱ ሲቀመጥ ፍርሃት ነው፣ ሌላው ሲቀመጥ ልቡ ነው። እሱ እጁን ሲያወጣ ቸግሮት ነው፣ ሌላው ሲያወጣ ውሸታም ስለሆነ ነው። የዐርብ ስብሰባችሁ ያ ዳስ ነው፣ ልጄ። ርእሰ መምህሩም እንደ ትልቁ ሰው እናንተን ሲያይ የነበረ ይሆናል፤ እሱን እኔ አላውቅም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ያወራሽልኝ ስለነሱ እጅ ነው። የሁሉም እጅ ወጣ ብለሻል፤ ያንቺስ?»

ትብለጥ አቀረቀረች። «ወጥቷል» አለች። «ምን ላድርግ፣ የኔታ? አንድም ሰው የሚቃወም አይመስልም ነበር።»

«አጠገብሽ ማን ተቀምጦ ነበር?»

«አንዲት አዲስ መምህርት። ከመጣች ወር አልሞላትም።»

«እሷስ እጇን መቼ አወጣች?»

ትብለጥ ዐርብን እንደገና አሰበችው። የልጅቷ እጅ ጭኗ ላይ ነበር፤ ዞር ብላ የትብለጥን የወጣ እጅ አይታ ነው ያወጣችው።

«ከኔ በኋላ» አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ቀንሷል።

የኔታ አልቆጧትም። ምርኩዛቸውን ፈለጉና ለመነሣት ተመቻቹ።

«እንግዲያው ነገ ደብዳቤው ሳይፈረም ለመናገር እሷን አትጠብቂ» አሏት።