ጫማ ላለማውለቅ የተሳለው አማች

በደጋው አገር ክረምት ሲገባ፣ እግሩን እየታመመ «ደህና ነኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ሰው ሽማግሌዎቹ አይቆጡትም፤ አንድ አጭር አባባል ጣል ያደርጉበትና መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። አባባሉን የማያውቅ የለም። ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። እኔም ታሪኩን ስሰማ መጀመሪያ ስቄ ነበር፤ ኋላ ግን ሰውዬው አሳዘነኝ።

ሰውዬው አንማው ይባላል። እርፍ ከጨበጠ የማይለቅ ጎበዝ አራሽ ነው፤ ሰው ፊት ሲቀርብ ግን አንገቱን የሚደፋ ዓይነ አፋር ነበር። የሚስቱ እናት ወይዘሮ የኔአገር አንድ ዓመት በበጋ ባላቸው ሞቱባቸው። ወንድ ልጅ የላቸውም። ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ የአንማው ሚስት ናት፤ እሷም ያን ጊዜ አራስ ነበረች። የጤፉ ማሳ ደግሞ ሐምሌ ሳይወጣ ካልተዘራ የሴትዮዋ ጎተራ ባዶ ሊከርም ነው። አንማው «እኔ እያለሁ ማሳዎ ጦም አያድርም» ብሎ ላከባቸውና ጅራፉን ይዞ ተነሣ።

አማት ቤት በባዶ እግር አይኬድም ብሎ ክረምቱ እንደገባ የጎማ ቦት ጫማ ገዝቶ ነበር። ጫማውን ወደደው፤ የራሱን ማሳ ሲያርስም አደረገው፣ ውሃ ሲገባበትም ደፍቶ መልሶ አጠለቀው። ውስጡ ደርቆ አያውቅም። ወንዙን ተሻግሮ አማቱ ቤት ሲደርስ በጣቶቹ መሀል ቆዳው ነጭ ሆኖ ተልጦ ነበር፤ ሽታው ለራሱ እንኳ ይከረፋው ጀመር።

በዚያ አገር ከመንገድ የመጣ ሰው እግሩን ሳይታጠብ ማዕድ አይቀርብለትም። የሚያጥበው የቤቱ ልጅ ነው። አማት የአማቿን እግር ታጥባለች የሚባለውን ግን ጆሮም አልሰማው፤ አማትና አማች ተፋፍረው፣ ዓይን ለዓይን እንኳ ሳይተያዩ ነው የሚኖሩት። ወይዘሮ የኔአገር ግን ውሃ አሙቀው፣ ገበቴውን ራሳቸው ይዘው መጡ።

«እግርህን ወዲህ በል፣ ልጄ።»

«ኧረ እናቴ! ምነው፣ እርስዎ!»

«ወንድ ልጅ ቢኖረኝ አንተን ከወንዝ ማዶ አስቸግርህ ነበር? ዛሬ ልጄ ነህ። በል፣ በሞቴ!»

«በሞቴ» ከመጣ ማምለጫ የለም። አንማው ያን እግር ከአማቱ እጅ ከማስገባት ሞት ይሻለው ነበር። ሲጨንቀው አፉ ያመጣለትን ተናገረ።

«ስለት አለብኝ፣ እናቴ። ጤፉ ተዘርቶ እስኪያልቅ ጫማዬን ላላወልቅ ተስያለሁ።»

በስለት ላይ ክርክር የለም። ወይዘሮ የኔአገር ገበቴውን መሬት አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «ለእኔ ብለህ? ስለትህን ይቀበልህ!» አሉ፤ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ። በማግሥቱ የአማቻቸውን ደግነት ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም።

ራሳቸውን የነቀነቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ማሳቸው ከወይዘሮ የኔአገር ማሳ የሚዋሰነው አዛውንቱ አያ ታከለ።

«ጫማዬን አውልቄ ገደል እወጣለሁ ብሎ የሚሳል ብዙ አይቻለሁ» አሉት ድንበሩ ላይ ቆመው። «ላላወልቅ ብሎ የተሳለ ግን ያየሁት ባንተ ነው። ለየትኛው ታቦት ነው የተሳልከው?»

«በልቤ ነው የያዝኩት፣ አያ።»

«ልብህስ ደህና። እግርህ ነው የሚያነክሰው።»

አንማው ወደ በሬዎቹ ዞሮ ጮኸባቸው። እሁድ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያን በጫማ አይገባምና «ከብት እጠብቃለሁ» ብሎ ቀረ። ሲመሽ ቦት ጫማውን እንዳጠለቀ መደብ ላይ ይጠቀለላል። ጠዋት ጠዋት እውነቱን ሊናገር ይነሣል፤ አማቱ «ባለ ስለቱ ልጄ፣ እንዴት አደርክ?» ሲሉት ጅራፉን አንሥቶ ወደ ማሳው ይወጣል። ውሸት እንደ እንግዳ ነው፤ አንዴ ካስገቡት ውጣ ማለት ይከብዳል። ምስኪን፣ ሲያርስ ይውላል፣ ሲቃትት ያድራል።

ሕመሙ ከጣቶቹ ወደ ቅልጥሙ ወጣ። ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት አበጠ። ማሳው ለዘር አንድ ዙር እርሻ ብቻ ሲቀረው፣ በዚያ ብርድና ዝናብ ላብ ያጠምቀው ጀመር፤ እርፉን እንደጨበጠም ትልሙ ላይ ተደፋ። በሬዎቹ ጥቂት ሄደው ቆሙ።

አያ ታከለ ሮጠው ደረሱ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። እግሩ አብጦ ጫማው አልወልቅ ቢላቸው በቢላ ቀደዱት። ሽታው ሲወጣ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ አለ። ወይዘሮ የኔአገር ግን ጭቃው ላይ ተንበርክከው ያን እግር በነጠላቸው ይጠርጉት ጀመር። አንማው ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

«እናቴ፣ ስለት የለብኝም። እግሬ ሸቶብኝ፣ እርስዎን አፍሬ ነው።»

«ባሌን አስታምሜ የቀበርኩ ሴት ነኝ እኮ! እግር ማጠብ ያቅተኛል ብለህ ነው?» አሉ እግሩን በነጠላቸው እየጠቀለሉ። «ማሳው ይቅርብኝ። አንድ ነገር ብትሆንብኝ ለዚያች አራስ ምን ብዬ ልንገራት?»

ጤና ጣቢያው ከዳገቱ ማዶ ነው። ሰዎቹ ጥማዳቸውን ፈትተው፣ ቃሬዛ አበጅተው ተሸከሙት። የክረምት ጭቃ ሸክም ለሌለው ሰውም አያስኬድ፤ አንዱ ሲያዳልጠው ሌላው እየደገፈ፣ የእርሻ ቀናቸው እየተቃጠለባቸው ወጡ። መጨረሻው ክፉ አልሆነም። ነርሷ «ጥቂት ብትቆይ ኖሮ ይቆረጥ ነበር፤ ማታ ማታ ታጥበህ፣ የጣቶችህን መሀል አድርቀህ፣ ጫማህን አውልቀህ ብታድር ምን ነበረበት?» ብላ ተቆጣችው እንጂ እግሩስ ዳነ። ጤፉንም ጎረቤቱ በደቦ ወጥቶ በጊዜው ዘራላቸው።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ ነው። ያን ቀን የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ተሸካሚዎቹ ደከማቸውና ቃሬዛውን አሳረፉ። አንማው ሰዎቹ ሲያለከልኩ አይቶ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

«አያ ታከለ፣ አፈርኩ። ተዉኝና ቀስ ብዬ በእግሬ ልሂድ።»

«አሁንም?» አሉ አያ ታከለ። ሳቃቸውም ቁጣቸውም አብሮ መጣ፤ ትከሻቸውን እያሹ ወደ ሰዎቹ ዞሩና «ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩልኝ፤ አጣቢውን ያፈረ እግር፣ ተሸካሚውን ያደክማል» አሉ።