አያ ጅቦ ምስር ወጥ ሲማር

አንድ ጊዜ፣ አንበሳና አህያ በአንድ ገበታ በሚቀመጡበት አገር፣ አራዊት ሁሉ ዘመን መለወጫን በየተራ እየደገሱ ያከብሩ ነበር። የበዓሉ ወጥ ሁልጊዜ ምስር ነው፤ በዚያች ቀን ማንም ጎረቤቱን እንደ ሥጋ እንዳያይ ተማምለዋል። አያ ጅቦ ከዚህ ድግስ ቀርቶ አያውቅም፤ ደግሶም አያውቅም። በዚህ ዓመት ግን አያ አንበሶ አስጠርቶት ተራው የእሱ መሆኑን፣ ካልደገሰ ከእንግዲህ ገበታው ላይ ቦታ እንደማይኖረው ነገረው።

አያ ጅቦ ደነገጠ። ዕድሜውን ሙሉ ወጥ ሲበላ ኖሮ፣ ወጥ እንዴት እንደሚሠራ አስቦበት አያውቅም። ስለዚህ በሙያዋ የታወቀችው እመት ጦጢት ቤት ሄዶ ማድቤቷ በር ላይ ተዘረፈጠ።

ያየው ሁሉ አስገረመው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ተጥዶ ለምን እንደማያር ጠየቀ። ውሃው ለምን ጠብ ጠብ እየተደረገ እንደሚጨመር፣ ማማሰያው ለምን እንደማያርፍ፣ ሲንጫጫ የነበረው ሽንኩርት አሁን ለምን ዝም እንዳለ ጠየቀ። ሆዱን የረሳበት የመጀመሪያ ቀን ይህ ሳይሆን አይቀርም። እመት ጦጢትም ጠያቂ ማግኘቷ ደስ አሰኝቷት ሁሉንም አንድ በአንድ አስረዳችው። በርበሬው ላይ ሲደርሱ፣

«ምን ያህል ነው የሚጨመረው?» አላት።

«እንደ ዓይንህ ነዋ። ዓይንህ በቃ ሲልህ ታቆማለህ። እኔ ለክቼ አላውቅም፤ እናቴም አልለካችም።»

አያ ጅቦ ይህችን ቃል በልቡ ይዞ ሄደ።

የበዓሉ ዕለት ማለዳ ትልቁን ድስት ጣደ። ሽንኩርቱን እንደተማረው አቁላላ፤ እንዲያውም አሳምሮታል። ከዚያ አንድ እፍኝ በርበሬ ጨመረና ድስቱን አየ። ዓይኑ በቃ አላለውም። ደገመ፤ አምስት፣ ዘጠኝ እፍኝ ደረሰ። የጅብ ዓይን መቼ በቃኝ ብሎ ያውቃል? በመጨረሻ ያቆመው የበርበሬው ስልቻ ባዶ ስለቀረ ነው። ምስሩን ጨምሮ ሲያበቃም፣ ከቀመሰ ማቆም እንደማይችል ራሱን ስለሚያውቅ ሳይቀምስ ከደነው።

እንግዶቹ መጡ። አያ አንበሶ የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደዋጠ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አህያ እያሳለች ውሃ ፍለጋ ሮጠች። አንድ ተመጋቢ ቢቀነስ የማይጠላው ቀበሮ ወዲያው ብድግ አለ።

«እኛን አንጨርጭሮ ወጡን ብቻውን ሊበላ ነው እኮ የጠራን። እንዲህ ያለው ከገበታ ይውጣልን።»

አያ ጅቦ አቀረቀረ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም። እመት ጦጢት ግን ወጡን መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ቢያቃጥልም ቁሌቱ በደንብ በስሏል። ተንኮለኛ ይህን ያህል አይደክምም ብላ አሰበች።

«በርበሬውን ምን ያህል ጨመርክ?» አለችው።

«እንደ ዓይኔ።»

እመት ጦጢት ወደ አያ አንበሶ ዞር ብላ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። እንደ ዓይንህ ስለው የማስበው ስለ ራሴ ዓይን ነበር፤ የእሱን አልጠየቅሁም» አለች።

አራት ባዶ ድስት አስመጣች። በየድስቱ አዲስ ሽንኩርትና ምስር ተጣደ፤ የሚያቃጥለው ወጥም በጭልፋ እየተለካ ተከፋፈለ። አያ ጅቦ ጭልፋው ሙሉ ይሁን ጎደል ያለ እያለ ሲጠይቅ፣ እሷም ሳትሰለች ስትመልስ ረፋዱ አለፈ። ገበታው የቀረበው ከቀትር በኋላ ነው፤ ወጡም ለተጠሩትም ላልተጠሩትም ተርፎ ቀበሮ ራሱ ሦስት ጊዜ አስጨመረ። አያ አንበሶ በልቶ ሲጠግብ አያ ጅቦን ከጎኑ አስቀመጠውና ለከርሞም ቦታው እዚያው እንደሆነ ነገረው።

ከዚህ የምንማረው፣ ለእኛ ግልጽ የሆነው መጠን ለሚማረው ሰው ግልጽ መሆኑን ሳናረጋግጥ በስህተቱ መፍረድ እንደሌለብን ነው።